ወንበርም፣ ተማሪም፣ ፕሮግራምም የነበረው ካርድ

በ1960ዎቹ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሴሚስተሩ የሚጀምረው በቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በየዲፓርትመንቱ ረጃጅም ጠረጴዛ ይደረደራል፤ በየጠረጴዛው ላይ ካርቶን፣ በየካርቶኑ ውስጥ ደግሞ የተበሱ ጠንካራ ካርዶች። ስለዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ሕይወት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ሰልፉ፣ ሙዚቃውና የጸጉሩ ርዝመት ነው። እኔ ግን ዘመኑን ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ያ ካርድ ነው ባይ ነኝ። ተማሪው ኮርስ የሚይዘው በካርድ፣ ውጤቱ የሚመዘገበው በካርድ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙን የሚጽፈው በካርድ ነበር። ተቃውሞ ሲነሳም ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ያንኑ ካርድ ነው። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1928 ያወጣው ባለ 80 ዓምድ ካርድ ርዝመቱ 18.7፣ ቁመቱ 8.3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውፍረቱ 0.18 ሚሊ ሜትር። ከላይ ወደ ታች 12 ረድፍ አለው። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ምን እንደያዘ የሚታወቀው በየትኛው ረድፍ ላይ እንደተበሳ ነው። አንዱ ማዕዘኑ ተቆርጧል። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ከሺህ ካርድ መካከል አንዱ ተገልብጦ ቢገባ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ወዲያው እንዲታይ ነው። አንድ ሳጥን 2,000 ካርድ ይይዛል፤ ሲሸከሙት ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል።

ምዝገባው እንዲህ ነበር። ተማሪው አስቀድሞ ከአማካሪ መምህሩ ጋር ተቀምጦ የሚወስዳቸውን ኮርሶች በወረቀት ያሰፍራል፤ አማካሪው ይፈርምበታል። ያላስፈረመ ከበር ይመለሳል። የመግቢያ ሰዓት የሚመደበው በቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች እንዳይቀድሙ ተራው በየሴሚስተሩ ይዞራል። አዳራሹ ውስጥ ከገባ በኋላ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ካርድ ይወስዳል።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ካርድ አንድ ወንበር ነው። ለአንድ ሴክሽን 30 ተማሪ ከተፈቀደ ካርቶኑ ውስጥ የሚገባው 30 ካርድ ብቻ ነው። የኮርሱና የሴክሽኑ ቁጥር ቀድሞ ተበስቶበታል። ካርዱን ያነሳ ወንበሩን ያዘ፤ ካርዱ ካለቀ ክፍሉ ሞላ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚቆጥረውም ሆነ የሚመዘግበው ነገር የለውም፤ የሚነሳ ካርድ እስካለ ድረስ ወንበር አለ፣ ከሌለ የለም። ሁለት ተማሪ አንድ ወንበር ሊይዝ አይችልም። ከዚያ በኋላ በመጡት የኮምፒውተር ምዝገባዎች ላይ ሰው ብዙ የተማረረው የዚህ ዓይነቱ ቀላልነት ስለጠፋ ይመስለኛል።

ችግሩ የሚመጣው ከሰንሰለቱ ነው። አራት ካርድ ይዞ አምስተኛው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ፣ የሚፈልገው የኬሚስትሪ ላብ ሴክሽን አልቋል። የቀረው ሴክሽን ደግሞ ቀድሞ ከያዘው ታሪክ ጋር በሰዓት ይጋጫል። ስለዚህ ታሪክን መልሶ ሌላ ሴክሽን ይፈልጋል፤ እሱም ከሒሳብ ጋር ይጋጭበታል። ልምድ ያለው ተማሪ ቅደም ተከተሉን ያውቃል፦ መጀመሪያ አንድ ሴክሽን ብቻ ወዳለው ኮርስ ይሮጣል፣ ቀጥሎ ላብ ወዳለው፣ በመጨረሻ ብዙ ሴክሽን ወዳለው የአንደኛ ዓመት እንግሊዝኛ። አዲስ ገቢ ግን በአብዛኛው በር አጠገብ ካገኘው ጠረጴዛ ይጀምርና ሁለት ሰዓት ያጣል። ሌላው ጣጣ ወዳጅነት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ተማሪ ለጓደኛው ካርድ ቀድሞ ያስቀምጣል፤ አንዳንዱም "ኋላ እመርጣለሁ" ብሎ ሁለት ሴክሽን ይይዛል። እነዚህ የተያዙ ካርዶች ሲመለሱ የተዘጋው ሴክሽን እንደገና ይከፈታል፤ በዚህ ምክንያት ከሰዓት በኋላ አንድ ዙር ደግሞ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያዋጣ ነበር።

መውጫው ላይ ፈታሽ አለ። ካርዶቹን ይቆጥራል፣ ክሬዲቱን ይደምራል፣ ከዚያ የተማሪው ስምና መለያ ቁጥር የተበሳበትን ካርድ ከሁሉም በላይ አድርጎ ያስራቸዋል። "ከሁሉም በላይ" የምትለዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ሥራው ሁሉ ግን በእሷ ላይ የቆመ ነው። ምሽት ላይ ጥቅሎቹ ወደ ማሽን ክፍል ሲሄዱ፣ እንደ አይቢኤም 514 ያለ ማሽን መጀመሪያ የስም ካርዱን ያነባል፤ ቁጥሩን ይይዝና ተከትለው በሚመጡት የኮርስ ካርዶች ላይ ሁሉ ይበሳዋል፤ ሌላ የስም ካርድ እስኪመጣ ድረስ። የአንድ ተማሪ የስም ካርድ ከወደቀ ወይም ከጥቅሉ ሥር ከገባ፣ ማሽኑ ኮርሶቹን ሁሉ በፊቱ ለነበረው ተማሪ ይጽፋቸዋል። ማሽኑ አይጠራጠርም። ስህተቱ የሚታወቀው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው፤ አንዱ ተማሪ ስሙ በየትኛውም ክፍል የለም፣ ሌላው ደግሞ በአሥር ኮርስ ተመዝግቧል።

ከዚያ ካርዶቹ በኮርስ ቁጥር ይለዩና የየክፍሉ የስም ዝርዝር ይታተማል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩ ውጤቱን በካርድ ላይ በእርሳስ ያጠቁር ነበር። በብዕር አይሆንም፤ ማሽኑ ምልክቱን የሚያውቀው ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነውና። ደብዘዝ ያለ ምልክት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

በካርዶች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ማስጠንቀቂያ ይታተም ነበር፦ አይታጠፍ፣ አይሰካ፣ አይበላሽ። "አይሰካ" የተባለው ጸሐፊዎች ደረሰኝ የሚሰኩበትን ቀጥ ያለ የጠረጴዛ ሽቦ አስበው ነው። ትእዛዙ ከንቱ ጥንቃቄ አልነበረም። ፈጣኑ የካርድ ማንበቢያ በደቂቃ እስከ 1,000 ካርድ ይውጣል፤ በሰከንድ ከ16 በላይ ማለት ነው። የታጠፈ ካርድ ጉሮሮው ላይ ሲጋጭ ከኋላ የሚመጡት ይደራረቡበትና እንደ አኮርዲዮን ይኮማተራሉ። ኦፕሬተሩ ማሽኑን አቁሞ የተቀዳደደውን እየለቀመ እያንዳንዱን ካርድ እንደ አዲስ ማስበሳት አለበት።

ይህ ማስጠንቀቂያ በ1964 መኸር ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ላይ ሌላ ትርጉም አገኘ። ግቢው በዚያን ጊዜ ወደ 27,000 ተማሪ ነበረው። ፕሬዚዳንቱ ክላርክ ከር ከአንድ ዓመት በፊት በሃርቫርድ ባደረጉት ንግግር ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ብዙ ማኅበረሰብ የታጨቀበት፣ ለመንግሥትና ለኢንዱስትሪ ዕውቀት የሚያመርት ተቋም አድርገው ገልጸውት ነበር። በመስከረም አስተዳደሩ በባንክሮፍትና በቴሌግራፍ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የፖለቲካ ጠረጴዛ ዘርግቶ ገንዘብ ማሰባሰብና ሰው መመልመል ከለከለ። ጥቅምት 1 ቀን ክልከላውን ጥሶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ጃክ ዋይንበርግ ተይዞ ፖሊስ መኪና ውስጥ ሲገባ ተማሪዎች መኪናውን ከበው ተቀመጡ፤ 32 ሰዓት ሙሉ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ተናጋሪዎች ጣሪያው ላይ እየወጡ ንግግር ያደርጉ ነበር፤ ከተማሪዎቹ መሪዎች አንዱ የሆነው ማሪዮ ሳቪዮ ሲወጣ ጣሪያው እንዳይጎዳ ጫማውን አወለቀ። ታኅሣሥ 2 ቀን ሳቪዮ ከአስተዳደሩ ሕንፃ ከስፕራውል ሆል ደረጃ ላይ ሆኖ ተቋሙን በማሽን መስሎ፣ ማሽኑንም በገዛ አካል ስለማስቆም ተናገረ። ሕንፃውን ከያዙት ውስጥ 800 ያህሉ ታሰሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመምህራኑ ጉባኤ በ824 ድምፅ ለ115 ተማሪዎቹን የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፈ።

በዚህ ሁሉ መሃል ካርዱ አለ። ተማሪዎች የምዝገባ ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነኝ፣ እባካችሁ አትጠፉኝ፣ አትሰኩኝ፣ አታበላሹኝ የሚል መፈክር ይዘው ወጡ። የንቅናቄውን ስም፣ የመናገር ነፃነት ንቅናቄን፣ በእንግሊዝኛ የሚያሳጥሩ ሦስት ፊደላትና "አድማ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቀዳዳ የጻፉባቸው ካርዶችም ነበሩ። ይቺ ነገር በቅርብ መታየት አለባት። ቀዳዳዎቹ የፊደል ቅርጽ ይዘው ተደርድረዋል፤ ማሽን ቢያነበው ትርጉም የለሽ ነገር ነው የሚያገኘው። በዓይኑ ያየ ሰው ግን ወዲያው ያነበዋል። ለማሽን የተሠራው ወረቀት ለሰው ዓይን ተጻፈበት።

እንግዲህ ያው ካርድ በግቢው ሌላኛው ጫፍ፣ በኮምፒውተር ማዕከሉ፣ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ፍቅርና ጥንቃቄ ነበረው። እዚያ ካርዱን የሚበሳው ተማሪው ራሱ ነው።

የመብሻ ክፍሉ ጫጫታ ለብቻው ነው። በ1964 የወጣው አይቢኤም 029 ጠረጴዛ የሚያህል ማሽን ነው፤ ባዶ ካርዶች ከቀኝ ይገቡና የተበሱት በግራ ይከማቻሉ። አንድ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ካርዱ ይበሳል፤ ፊደሉ ደግሞ ከላይ ጠርዝ ላይ ይታተማል። የቀለሙ ሪባን ካለቀ ግን የሚታተመው አይነበብም፤ ያኔ ቀዳዳውን በዓይን ማንበብ ግድ ነው። ቁጥሮች ከፊደላት ጋር አንድ ቁልፍ ይጋራሉ፦ 1 ከ"ዩ"፣ 2 ከ"አይ"፣ 3 ከ"ኦ" ጋር። የቁጥር መቀየሪያውን ቁልፍ ሳይጫን የመታ ሰው 123 ብሎ ያሰበው ሦስት ፊደል ሆኖ ይወጣል። ዜሮንና "ኦ" ፊደልን ማምታታት ደግሞ የዘመኑ ዋና በሽታ ነበር።

የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንም። ስህተት ሲገኝ ማረሚያው መንገድ ይህ ነው፦ የተሳሳተው ካርድ ማንበቢያው ላይ፣ ባዶ ካርድ መብሻው ላይ ይሆናል። "ዱፕ" የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ከስህተቱ በፊት እስካለው ዓምድ ድረስ ይገለብጣል፤ ትክክለኛውን ፊደል ይመታል፤ ከዚያ እንደገና "ዱፕ"። በዚህ መንገድ አንድን ፊደል በሌላ መተካት ቀላል ነው፤ የተረሳ ፊደል መጨመር ግን ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። አሮጌው ካርድ ወደፊት እንዳይሄድ በጣት ይያዛል፤ አዲሱ ብቻ አንድ ዓምድ ሲራመድ የጎደለው ፊደል ይመታና ጣት ይነሳል። በመመሪያ ያልተጻፈ፣ ተማሪ ለተማሪ ያስተላለፈው ጥበብ ነበር።

አብዛኛው ተማሪ የሚጽፈው ፎርትራን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነበር፤ የፎርትራን ሕግ ደግሞ የካርዱ ሕግ ነው። ከ1 እስከ 5 ያሉት ዓምዶች ለመለያ ቁጥር፣ ትእዛዙ ከ7 እስከ 72፣ የቀሩት ስምንቱ ለተራ ቁጥር። በመጀመሪያው ዓምድ "ሲ" ፊደል ካለ ካርዱ ማስታወሻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይዘለዋል። እስከ 72 ብቻ የሆነው አይቢኤም 704 የሚባለው ኮምፒውተር ከካርድ የሚያነበው 72 ዓምድ ብቻ ስለነበረ ነው፤ ማሽኑ ካለፈ በኋላም ልማዱ እንዳለ ቀጠለ። ሁለት ስህተቶች እዚህ ተደብቀው ይኖራሉ። ትእዛዙ በስህተት ከ6ኛው ዓምድ ከጀመረ የቀደመው ካርድ ተቀጥላ ተደርጎ ይነበባል። ከ72 ካለፈ ደግሞ ትርፉ ዝም ብሎ ይጣላል፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስሌቱ ብቻ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው የከፋው ነው፤ ካርዱን በዓይን ለሚያየው ሰው ትእዛዙ ሙሉ ሆኖ ስለሚታይ ሰዓታት ያባክናል።

ፕሮግራሙ ተበስቶ ሲያልቅ ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የጊዜ ገደብ የያዘ ካርድ ከፊቱ ይገባል። የጊዜና የገጽ ገደቡን ከልብ ማሰብ ያስፈልጋል፦ መውጫ የሌለው ዙር ውስጥ የገባ ፕሮግራም የተመደበለትን የሴሚስተር በጀት በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። ከዚያ ጥቅሉ በመስኮት ለኦፕሬተሩ ይሰጣል፤ ተማሪው ኮምፒውተሩን አይነካም፣ ብዙ ጊዜም አያየውም። መልሱ በባለ ክፍልፋይ መደርደሪያ ላይ ይጠበቃል፦ ካርዶቹ በላስቲክ ታስረው፣ በአንድ መስመር 132 ፊደል የሚይዝ ሰፊ ወረቀት ተጠቅልሎባቸው። ቀን ላይ ጥቂት ሰዓታት፣ የፈተና ሰሞን እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ምክንያት የኮምፒውተር ማዕከሉ ሕይወት የሌሊት ሕይወት ሆነ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወረፋው ስለሚያጥር በቀን አንዴ የሚገኘው መልስ ሦስት አራት ጊዜ ይገኛል። አንድ ሙከራ ይህን ያህል ስለሚያስከፍል ተማሪው ከማስረከቡ በፊት ፕሮግራሙን መስመር በመስመር በእርሳስ ይፈትሸው ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር ነው፤ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ለካርድ ጥቅል ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። ደረጃ ላይ የተበተነ 600 ካርድ ተራ ቁጥር ከሌለው ሙሉ ቀን ይፈጃል። መከላከያው ሁለት ነው። ርካሹ፦ ጥቅሉን አጥብቆ ይዞ በላይ ጠርዙ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በወፍራም ማርከር አንድ ሰያፍ መስመር ማስመር። ከቦታው የወጣ ካርድ ነጥቡ ከመስመሩ ውጪ ይታያል። ብዙ እርማት ያለፈበት ጥቅል ግን አዳዲሶቹ ካርዶች ቀለም ስለሌላቸው መስመሩ ይበጣጠሳል፤ እንደገና ማስመር ነው። አስተማማኙ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ስምንት ዓምዶች ተራ ቁጥር መብሳት ነው፤ 10፣ 20፣ 30 እያሉ፣ በመሃል ካርድ ለመጨመር ቦታ እንዲኖር። ከዚያ ከተበተነ ወደ መለያ ማሽን ይወሰዳል። አይቢኤም 083 በደቂቃ 1,000 ካርድ ይለያል፤ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ዓምድ ብቻ። መጀመር ያለበት ከመጨረሻው አሃዝ ነው፦ በ80ኛው ዓምድ ተለይቶ በቅደም ተከተል ይሰበሰባል፣ ቀጥሎ በ79ኛው፣ ቀጥሎ በ78ኛው፣ እንዲህ ወደ ግራ። ከግራ የጀመረ ሰው በየዙሩ የቀደመውን ሥራ ያፈርሰዋል። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በአራት ዙር ያልቃል።

እርጥበትም ጠላት ነው። ዝናብ የነካው ካርድ ጠርዙ ያብጥና ማንበቢያው ውስጥ ይነክሳል። ስለዚህ ካርዶች በሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቀው፣ ቆመው ይቀመጣሉ። ላስቲክም የዳር ካርዶችን ጠርዝ ይበላል፤ ጠንቃቃው ከላይና ከታች አንድ አንድ ባዶ ካርድ ያደርጋል።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም ከዚህ አላመለጡም። በጥናቱ 2,000 ሰው የጠየቀ ተማሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ቢመድብ አንድ ሙሉ ሳጥን ተሸክሟል ማለት ነው። በ1968 ስታንፎርድ ውስጥ የተጀመረው፣ ዛሬም ተመራማሪ ሁሉ የሚያውቀው ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የተሠራው ለእነዚህ ሰዎች ነው። መረጃውን ገንዘብ ያለው ለባለሙያ መብሻ ሠራተኞች ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የእነሱ ሥራ ጥራት የሚጠበቀው በድጋሚ በመተየብ ነው፦ ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ካርድ በማረጋገጫ ማሽን ላይ እንደ አዲስ ትመታለች፤ ሁለቱ ከተስማሙ ካርዱ በቀኝ ጠርዙ ትንሽ ይነከሳል፣ ካልተስማሙ ስህተቱ ካለበት ዓምድ በላይ ይነከሳል።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ያመለጠ አንድ ግቢ ዳርትመዝ ነበር። ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ከተማሪዎቻቸው ጋር በግንቦት 1 ቀን 1964፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ አስነሡ። ተማሪው ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ በተያያዘ የጽሕፈት መኪና፣ በቴሌታይፕ፣ ይጽፋል፣ መልሱም እዚያው ይመጣለታል። ሌላው ግቢ በካርዱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።

የዚያ ዘመን የመማሪያ መጻሕፍት በአሮጌ መጻሕፍት መሸጫዎች ሲገዙ ዕልባት የሆነ ካርድ በውስጣቸው ይገኛል። ላይኛው ጽሑፍ ቢደበዝዝም ማንበብ ይቻላል። ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው እንዲታዩ አድርጉና ያዙት። ከላይ ያሉት ሁለት ረድፎች ቁጥር አልታተመባቸውም፤ የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 11 ይባላል፤ ከዚያ በታች ከ0 እስከ 9 ነው። በዓምዱ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ ቁጥር ነው። ሁለት ካሉና የላይኛው 12 ላይ ከሆነ ከ"ኤ" እስከ "አይ"፣ 11 ላይ ከሆነ ከ"ጄ" እስከ "አር"፣ 0 ላይ ከሆነ ከ"ኤስ" እስከ "ዜድ"፤ የታችኛው ቀዳዳ ስንተኛው ፊደል እንደሆነ ይናገራል፤ በ0 ምድብ ብቻ ቆጠራው ከ2 ይጀምራል። 12 ከ6፣ 12 ከ1፣ 11 ከ3፣ እንደገና 11 ከ3 ካገኛችሁ "ኤፍ"፣ "ኤ"፣ "ኤል"፣ "ኤል" ነው፤ በእንግሊዝኛ መኸር ማለት ነው፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር። ከአጠገቡ ያሉት ቁጥሮች የአንድ ኮርስ፣ የአንድ ሴክሽን፣ የአንድ ሰው ወንበር ናቸው።